ቀለሙ ያጠራጠራቸው ሳንቲም

የእናቴን ሳንቲም ቀለሙ ያጠራጥራል ብለው መለሱልኝ። ባሕር ማዶ ያሉ ደረጃ ሰጪዎች ናቸው፤ ከመላው ዓለም የሚላክላቸውን አሮጌ ሳንቲም እየመረመሩ ደረጃ ያወጣሉ። የእናቴን በጠንካራ ፕላስቲክ አሽገው ከላዩ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጠፉበት። ሳንቲሙ እውነተኛ ነው፣ ቀለሙ ግን ያጠራጥራል፣ ስለዚህ ደረጃ የለውም ይላል። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ አሮጌ ሳንቲም የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ከተማው እንደ ጉድ የሚገነባበት ዘመን ነው። ጠዋት የወለወልኩት መደርደሪያ እስከ ምሳ ሰዓት የሲሚንቶ አቧራ ይለብሳል። በሥራ ቀን የሚመጡት ወደ ኤርፖርት ከመሄዳቸው በፊት ማስታወሻ የሚፈልጉ መንገደኞች ናቸው። እሑድ እሑድ ግን የከተማው ሳንቲም ሰብሳቢዎች ሱቄ ውስጥ ተጨናንቀው ሲከራከሩ ይውላሉ። ከመካከላቸው ትልቁ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ይህን ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ ጋሼ እላቸዋለሁ።

ደረጃ ሰጪዎቹ ዝም ብለው አይጠረጥሩም፤ ይህን አልክድም። መዳብ አዲስ ሲሆን ቀይ ነው። አየርና የሰው እጅ ሲነካው ቀስ እያለ ይጠይምና ቡናማ ይሆናል። መዳቡ አይቸኩልም፣ ሰው ግን ይቸኩላል። በሎሚና በጨው ፈትጎ አዲስ ሊያስመስለው ይሞክራል፤ ያኔ ሳንቲሙ እንደተላጠ ጉልበት ሮዝ ይሆንና ያስታውቃል። ይህ ሲነቃበት ደግሞ መልሶ ያጠይመዋል። አንዱ እሳት ላይ ያግለዋል፣ ሌላው ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ዕቃ ውስጥ ይከድነዋል። እንቁላሉ ውስጥ ያለው ድኝ መዳቡን ቶሎ ያጠቁረዋል፤ አንዳንዴም ሰማያዊና ወይን ጠጅ ያደርገዋል። ስለዚህ ሰማያዊ መዳብ ያየ መርማሪ መጀመሪያ የሚታየው አጭበርባሪ ነው። እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን እጠረጥር ነበር። ያናደደኝ መጠርጠራቸው አይደለም፤ ጠርጥረው ሲያበቁ የሚጠይቁት ሰው አለመኖሩ ነው።

ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር። የእናቴ ሳንቲም የንጉሡ ዘመን የመዳብ አስር ሳንቲም ነው። አንበሳው ወይን ጠጅ ነው፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ናፍጣ የፈሰሰበት ውኃ ይመስላል። እናቴ ስትዳር አባቷ ሰጧት፤ እሷም በትንሽ የቆዳ ኮረጆ ውስጥ ከነጭ ሽንኩርት ጋር አስራ አኖረችው። ሽንኩርቱ ከሰው ዓይን እንዲጠብቅ ነው። እናቴ የምትሳሳለትን ነገር ያለ ነጭ ሽንኩርት አታስቀምጥም፤ ሕፃን ሆኜ እኔም አንገቴ ላይ ታስሮልኝ ነበር። ሽንኩርቱ ሲደርቅ ትጥለውና ሌላ ትተካለች። ነጭ ሽንኩርትም ድኝ አለው፤ ያ ሰማያዊ የመጣው ከዚያ ነው። ሳንቲሙን ሊሸጥ ብሎ የነካው ሰው የለም።

የላክሁት በኩራት ነበር። ሰብሳቢዎቹ አንድ ሆቴል ውስጥ ኤግዚቢሽን ሊያሳዩ ተስማምተው፣ ደረጃ ያልወጣለት ሳንቲም አይቀርብም ተባለ። እኔም ካለኝ ሁሉ የመረጥኩት የእናቴን ነው። ተመልሶ በመጣበት እሑድ ፕላስቲኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«እማማ ላቦራቶሪ ከፍተዋል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ተያቸው እባክሽ፣ በዚህ ዕድሜያቸው ቀለም ይቀባሉ?» አለ ሌላው፤ ሳቁ።

ጋሼ አልሳቁም። ሰዎቹ ሲወጡ ጠብቀው ጠጋ አሉኝ።

«ስሚ ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ፕላስቲኩን ሰብረሽ ስጪኝ። ሰማያዊውን አጥቤ ቡናማ አደርግልሻለሁ። መልሰሽ ስትልኪው ያልፋል።»

«ጋሼ፣ አሁን እኮ ማንም አልነካውም። ውሸት የሚሆነው እርስዎ ከነኩት በኋላ ነው።»

«መች አጣሁት? እነሱ የሚያውቁት ግን ቡናማውን ነው። እንዲሁ ከተውሽው ቀለም ቀቢ ተብለሽ ትቀሪያለሽ። በዚህ ሥራ ስም ከጠፋ ምን ቀረሽ?»

ልክ ነበሩ። በማግስቱ አንድ ደንበኛዬ ወሬውን ሰምቶ፣ ከዓመት በፊት የወሰደውን ሳንቲም ሊመልስ መጣ። ያቺ ሱቅ የቆመችው ይህች ሴት ሳንቲም አትነካካም ስለሚባል ብቻ ነው። ጋሼን ላስብበት ብያቸው ነበር። የምሬን ነው፣ አሰብኩበት።

በሳምንቱ ውስጥ እናቴ ጋ ቦሌ አራብሳ ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም ከገባች ብዙም አልቆየችም። እኔ የተወለድኩበት የጭቃ ቤት፣ ጤፍ የምናበቅልበት ማሳ ጭምር፣ ከዚያው አቅራቢያ ነበር፤ አሁን ብሎክ ቆሞበታል። በሩን ስትከፍት «ማል ጄዸን?» አለችኝ። ምን አሉ ማለቷ ነው፤ ስትጨነቅ ኦሮምኛዋ ይቀድማታል።

«እውነተኛ ነው ብለዋል። ቀለሙን ግን ሰው ሆን ብሎ የሠራው ነው ብለው ጠረጠሩ።»

«ማን? እኔ?»

«የያዘው ሰው።»

ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች። «እንደ ቤቴ አደረጉት በይኛ» አለች።

የቤቱን ነገር አውቀዋለሁ። ሠፈራችን ለግንባታ ሊነሳ ሲል ቤት የሚለኩና ካሳ የሚገምቱ ሰዎች መጡ። ካሳ ለማግኘት ተብሎ በጥድፊያ የሚቆም የጨረቃ ቤት በየቦታው ስለነበር፣ አዲስ የሚመስል ግድግዳ ሲያዩ ይጠረጥራሉ። እናቴ ደግሞ ሁልጊዜ መስቀል ሲደርስ ግድግዳዋን በጭቃና በእበት ትለቀልቃለች። ሰዎቹ የመጡት መስቀል ባለፈ ሰሞን ነው። ግድግዳውን በጣታቸው ነክተው፣ ይህ ቤት ሰሞኑን የተሠራ ነው ብለው ሄዱ። ጎረቤት ተሰብስቦ መከራት። ልስኑን መታ መታ አድርገሽ አራግፊው፣ አመድና እጣቢ ድፊበት፣ አሮጌ ይምሰል፣ ያኔ ያምኑሻል አሏት። ክፋት አልነበረባቸውም፤ እነሱም እንደዚያ አድርገው አልፎላቸዋል።

«እንዲያምኑኝ ብዬ ቤቴን አላቆሽሽም» አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ መመላለስ ሆነ ሥራዋ። ቤቱ ሲሠራ ያዩ ሽማግሌዎችን ይዛ ትሄዳለች፣ ነገ ነይ ይሏታል፣ ትሄዳለች። በመጨረሻ ተቀበሏት፤ ያመኗት ግን ስላታከተቻቸው ይመስለኛል። ቤቱ የሚፈርስበት ቀን ሲነገራት ደግሞ ጭቃ አቡክታ እንደገና ለቀለቀችው። ለማን ብለሽ ነው ብዬ ጮኽኩባት። «ለቤቱ» አለችኝና ሥራዋን ቀጠለች። ዶዘሩ ሲመጣ ግድግዳው ገና አልደረቀም ነበር። ያን ቀን አብዳለች ብዬ ነበር ያለቀስኩት።

«ጋሼ ቡናማ ላድርግልሽ ብለውኛል» አልኳት።

ተነሥታ ጓዳ ገባችና ባዶውን ኮረጆ አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። ሽታው አሁንም አለ።

እሑድ ሁሉም መጡ። ከመሳቢያው መዶሻ አወጣሁና ፕላስቲኩን መደርደሪያው ላይ አስቀምጬ ጫፉን መታሁት፤ ተሰነጠቀ። ጋሼ ፊታቸው በራ። መሐረባቸውን መዳፋቸው ላይ ዘርግተው እጃቸውን ሰደዱልኝ። እወዳቸዋለሁ፤ ያቺን እጅ ባዶዋን መመለስ ከሁሉም ከበደኝ።

ሳንቲሙን አውጥቼ ሁሉም እንዲያዩት አንድ ጊዜ ብርሃን ላይ ያዝኩት። ከዚያ ከቦርሳዬ ኮረጆውን አወጣሁ። ጠዋት ከጉሊት የገዛሁትን ነጭ ሽንኩርት እዚያው ልጬ ከተትኩ፤ ሳንቲሙን ከላዩ ጨመርኩና አፉን ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ሱቋ በሽንኩርት ሽታ ተሞላች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አሉኝ ጋሼ፣ እጃቸው እንደተዘረጋ።

«ቀለሙ ገና አላለቀም ጋሼ» አልኳቸው።

ለኤግዚቢሽኑ ምንም አላቀረብኩም። ከእነዚያ ሰዎች አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ሱቄን አልረገጡም። አይርገጡ።