ከሠላሳ እርምጃ የሚነበብ

እኔን የሚያናድደኝ ቀጭን ፊደል ነው። ጎንደር ባለችው ጠባብ ማስታወቂያ ቤቴ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እሱን ነው፤ ጅራቱ የተጠማዘዘ፣ ከጀርባው ጥላ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። መንገድ ዳር ሲሰቀል ከአሥር እርምጃ በላይ አይነበብም። ድንጋይ ላይ ሲቀረጽማ ክረምት ሲያልፍበት አረንጓዴ ይለብስና መስመሩ ይጠፋል። ብናገር ማን ይሰማኛል? «አንተ ሥራህን ሥራ» ነው መልሱ።

የራሴን ፊደል መሳል የጀመርኩትም በንዴት ነው። ፈረንጆች ስላብ ሰሪፍ የሚሉት ዓይነት የላቲን ፊደል አለ፤ በድሮ የጽሕፈት መኪናና በዕቃ ሳጥኖች ላይ የሚታየው። መስመሩ ሁሉ ውፍረቱ እኩል ነው፤ እግሩ እንደ ጡብ ጠፍጣፋና ባለ ማዕዘን ነው። ገጽ ሙሉ ቢጻፍበት ዓይን ያደክማል። ለስም፣ ለርዕስ፣ መንገድ ለማመልከት ግን እሱን የሚያህል የለም። ይህን እግር ለእኛ ፊደል ለማልበስ ሁለት ዓመት ታገልኩ። የእኛ ፊደል ደግሞ አስቸጋሪ ነው። የ«በ»ን ቀኝ እግር ትንሽ ወደ ውጭ ካስረዘምከው «ቢ» ሆኖ ቁጭ ይላል። ስለዚህ የቀኙን እያሳጠርኩ፣ የግራውን እያሰፋሁ ስንቴ አፍርሼ እንደሠራሁት የማውቀው እኔ ነኝ። ሲያልቅም የሚፈልገው አልተገኘም። አንድ ደንበኛ እንዲያውም ፊደሎችህ ቦት ጫማ አድርገዋል ብሎ ሳቀብኝ።

ከአይከል የመጡት ሽማግሌ ግን ለዚያ ፊደል የተፈጠሩ መሰለኝ። ለሚስታቸው ሙት ዓመት ሐውልት ሊያሠሩ ነው። ጉልበታቸው አልታዘዝ ስላላቸው ቁልቁለቱን ወርደው መቃብሯ ዘንድ መድረስ አይችሉም። ከቅዳሴ በኋላ የሚቀመጡት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ነው፣ ከመቃብሩ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቀው። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከተቀመጡበት ሆነው ማንበብ። ሦስት መስመር አስጻፉኝ፤ ስሟን፣ የክርስትና ስሟን፣ ከሥሩ ደግሞ «ባለቤትሽ አይረሳሽም» የሚል።

ሦስቱንም መስመር በእኔ ፊደል በትልቅ ወረቀት አትሜ የሱቄ በር ላይ ለጠፍኩና እጃቸውን ይዤ መንገዱን አሻገርኳቸው። አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን እየነፋብን አለፈ። ከማዶ ሆነው አንዲትም ሳይሳሳቱ አነበቡልኝ። ሸጋ ነው አሉ። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ፤ ለጎረቤቶቼ ሁሉ አወራሁ።

ወፍራም ፊደል ግን ቦታ ይበላል። ሐውልት ሠሪው ያመጣው ድንጋይ ጠባብ ስለነበር ሦስተኛው መስመር አልገባም አለ። ወይ ፊደሉን አሳንስ፣ ወይ ሰው የለመደውን ያንን ቀጭኑን ስጠኝ አለኝ። ተጣላን። ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ሌላ ድንጋይ መፈለጊያ ጊዜ የለም። እኔም ስሟ ጎልቶ ከታየ ይበቃል ብዬ መስመሩን በገዛ ሥልጣኔ ቆረጥኩት። ለሽማግሌው ደውዬ ልነግራቸው አስቤ ነበር፤ አልደወልኩም።

ሐውልቱ ከቆመ በኋላ አይከል ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ይቅርታ ልጠይቅ አይደለም፤ ፊደሌን ለማየት ነው። አጥሩ ሥር ከሽማግሌው አጠገብ ቆሜ ቁልቁል ተመለከትኩ። ሁለቱ መስመሮች ገና ከሩቅ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ እግራቸው ድንጋዩ ላይ ተተክሏል። ኮራሁ። ይታይዎታል ወይ አያ አልኳቸው።

ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉና ማንበብ ጀመሩ። ስሟን አነበቡ። የክርስትና ስሟን አነበቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለቤትሽ አይረሳሽም» አሉ።

ድንጋዩን ደግሜ አየሁት። እንዲህ የሚል ነገር የለበትም። ጎንደርም መንገድ ማዶ ሆነው ያነበቡልኝ ራሳቸው ያስጻፉኝን ቃል እንጂ የእኔን ፊደል እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ፊደል አዋቂ ነኝ ባዩ እኔ፣ ሰውዬው በቃላቸው የሚያውቁትን ሰጥቼ ዓይናቸውን ፈተንኩ። የማያውቁትን አንድ ቃል ለጥፌ ቢሆን ኖሮ እዚያው በተረዳሁ ነበር። በራሴ በገንኩ። ዓይናቸው እንደደከመ አልነገሩኝም ብዬ በእሳቸውም ተናደድኩ። ግን እኔስ መስመሩን እንደቆረጥኩት መቼ ነገርኳቸው?

«ምነው?» አሉኝ። «ተሳሳትሁ?»

«የለም አያ» አልኳቸው። «ልክ ነው ያነበቡት።»

በማግሥቱ ሐውልት ሠሪውን ይዤው ተመለስኩ። ከታች የቀረው ቦታ አራት ጣት ስለሆነ ለእኔ ፊደል አይበቃም። ያንን የምጠላውን ቀጭኑን ቅረጽ አልኩት። መሮውን እንደያዘ ወደ አጥሩ ቀና ብሎ አየና፣ ይህን እዚያ ሆኖ ማን ያነበዋል ብሎ ጠየቀኝ። ተነብቧል፣ አንተ ጻፈው አልኩት።