ለኻድራ የተተወ ቦታ

በሐርጌሳው ኮድቡር ሰፈር የምናውቃቸው አቶ ተካልኝ ለአጭር ጊዜ ታመው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አስከሬናቸው በጅግጅጋ በኩል ወደ ትውልድ ከተማቸው ድሬዳዋ ተሸኝቶ ቤተሰባቸው ቀብሯቸዋል። እኛ የሐርጌሳ ወዳጆቻቸው ለቅሶ የተቀመጥነው በተከራዩት ቤት ግቢ ነው።

አብዛኞቻችሁ የምታውቋቸው በኤሌክትሪክ ሠራተኝነታቸው ነው። የጎረቤት መብራት ሲበላሽ ሳይጠሩም ይመጡ ነበር። ዓርብ ዓርብ ግን በአሮጌ ላፕቶፕና በኪቦርድ ሙዚቃ ያቀናብሩ ነበር። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነበርኩ። ምቱ በልጅነታቸው ከሰሙት የቤተ ክርስቲያን ከበሮ የመጣ ነው። የኪቦርዱን አጨዋወት ከድሬዳዋ ሠርግ ቤቶች፣ ጭብጨባውን ከሐርጌሳ ሠርጎች እንዳገኙት ሳይጠየቁ ይናገሩ ነበር። ሙዚቃ ሊያሰማቸው የመጣን ሰውም ቀድመው የሚጠይቁት «ይህን ከማን ሰማኸው?» ብለው ነው። «ከማንም» ካላቸው፣ «እንግዲያው ጆሮህን ሐኪም ይየው» ይሉታል። «ድምፅ እንደ ሽቦ ነው፤ ከየት እንደመጣ ካላወቅህ አትንካው» የሚሉትም እሳቸው ነበሩ።

አንድ ጊዜ ግን ራሳቸው ሳያስፈቅዱ ነኩት። ጅግጅጋ ያር በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ወተት የሚሸጡት ወይዘሮ ኻድራ ቤት መብራት ሊጠግኑ ሄደው፣ ሴትዮዋ ወተት እየናጡ ሲያንጎራጉሩ ሰሙ። በስልካቸው ቀዱና ሙዚቃ ሠሩበት። ለሌላ ሰው ከማሰማታቸው በፊት ይዘውት ወደ ወይዘሮ ኻድራ ሄዱ፤ እኔም አብሬያቸው ነበርኩ። ድሬዳዋ ያደጉት ወይዘሮ ኻድራ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ በአማርኛ፣

«ተካልኝ፣ መብራት ልትሠራ መጥተህ ድምፄን ይዘህ ሄድክ?» አሉ።

ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም።

«ይህ የእናቴ ነው። ለወተት ነው የሚባለው። ሰው እንዲጨፍርበት ወላሂ አልፈልግም።»

«ይጥፋ ካሉ አጠፋዋለሁ፣ እትዬ።»

«ይጥፋ።»

አቶ ተካልኝ እዚያው አጠፉት። ከሙዚቃውም ድምፁን ቆርጠው አወጡና ቦታውን ባዶ ተዉት። ጅግጅጋ ያደገው የሙዚቃ ባልደረባቸው በሽር አልተዋጠለትም።

«ጋሼ፣ ይህን ጉድጓድ ምን ሊያደርጉት ነው? ከኢንተርኔት የሌላ ሴት ድምፅ እንክተትበት። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ቦታው የእትዬ ኻድራ ነው፤ ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።»

ሙዚቃውን ለወዳጆቻቸው ባሰሙን ዕለት መሐል ላይ ጸጥ አለ። አንዱ «መብራት ሄደ እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«መስመሩን የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ አይሄድም» አሉና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጸጥታው እስኪያልፍ ጠበቁ። ሰዉ ሲበተን እንዲህ አሉኝ፦ «አንድ ቀን እትዬ ኻድራ ፈቅደው እዚህ ቦታ ላይ ብሰማቸው ደስ ይለኛል። ባይፈቅዱም ልክ ናቸው።» ከዚያ በኋላ ወተት ከወይዘሮ ኻድራ መግዛቱን ቀጠሉ እንጂ ነገሩን ዳግም አላነሱባቸውም። ፈቃዱን ሳያገኙ አረፉ።

ለቅሶው ላይ ወይዘሮ ኻድራ መናጫቸውን ይዘው መጡ። «አላህ ያጽናችሁ» ብለው ተቀመጡና በሽርን፣ «ያቺን ሙዚቃውን ክፈታት» አሉት። ጸጥ የሚለው ቦታ ሲደርስ መናጫውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እየወዘወዙ የእናታቸውን ዜማ ያዜሙ ጀመር። ከተቀመጡት አንዱ ስልኩን ከፍ አደረገ። ሌላ ሴት እናምጣ ያለው በሽር ራሱ እጁን ስልኩ ላይ ጫነበት። ሰውየው ወደ ኪሱ መለሰው። ዜማው ሲያልቅ ኪቦርዱ ተቀበለ።

«በልኬ ነው የተወልኝ» አሉ ወይዘሮ ኻድራ፤ እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

ጋሼ ተካልኝ፣ በሰላም ይረፉ። ሊሰሙት የተመኙትን እርስዎ በሌሉበት ሰማነው። ሙዚቃዎ እንደተዉት አለ፤ ቦታውም አሁንም ባዶ ነው። የእትዬ ኻድራን ዜማ ማንም አልቀዳም።