የሜርል ጠመንጃዎች አደራ

ወንድሜ ኦሪን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። በእኛ አውራጃ የእሱ እጅ ያልነካው ፓምፕ ቢገኝ ገና ትናንት የተተከለ መሆን አለበት። ቁመቱ በር ሁሉ ያስጎነብሰዋል፤ ንግግሩ ግን አጭር ነው። ሚስት አላገባም። ለምን ብለው ሲነዘንዙት «ፓምፕ ሲበላሽ እኔን ይጠሩኛል፤ ሚስት ስትቆጣ እኔ ማንን እጠራለሁ?» ብሎ ይገላገላል። እኔ እህቱ ቨርና ነኝ። በዕድሜ አራት ዓመት አንሰዋለሁ፣ በምላስ ግን እጥፍ እበልጠዋለሁ።

ስለ ኦሪን አንድ ነገር ብቻ ተናገሪ ብባል ስለ ውሰት ዕቃ ነው የማወራው። የሰው ዕቃ ቤቱ ካለ እንቅልፍ አይወስደውም። ሲመልስም እንደነበረ አይመልስም። መጋዝ ቢዋስ ስሎ፣ መኪና ቢዋስ አጥቦና ነዳጅ ሞልቶ ነው። አንድ ክረምት የበረዶ መጥረጊያ ማሽኔን ወስዶ ዘይቱን ቀይሮ፣ የተቀደደ መቀመጫውን ሰፍቶ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ ሲበላሽብኝ ጠጋኝ አልፈልግም፤ ለኦሪን አውሰዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ነገሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ሞንታና ውስጥ በእኛ በኩል ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው። ዕቃው ባለቤቱ ሳይጠይቅ መመለስ አለበት፤ ከጠየቀህ አፈርክ። ባለቤቱም በበኩሉ «ምን አስቸኮለህ? አንተ ጋ ቢቆይስ?» ይላል። መላሹ ይስቅና ዕቃውን አስረክቦ ይሄዳል። ይቆይ ስለተባለ ይዞ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም።

ሜርል ሃውጌን የኦሪን ጓደኛ ነበር፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ። ከብት አርቢ ነው፤ ግቢው ከኦሪን ቤት በመኪና ስድስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በእኛ አገር በጥቅምት መጨረሻ የአጋዘን አደን የሚከፈትበት ቅዳሜ አለ። በዚያ ቅዳሜ ሠርግ የሚደግስ የለም፤ ቀብር እንኳን ወደሚቀጥለው ሳምንት ይገፋል። ኦሪንና ሜርል ሃምሳ አንድ የመክፈቻ ቀን አንድ ሸንተረር ላይ አብረው ቆመዋል። ብዙውን ጊዜ ምንም ሳይመቱ፣ አፍንጫቸው ቀልቶ ይመለሱ ነበር። የሜርል ሚስት ሎይስ «እናንተ የምትወጡት አጋዘን ፍለጋ አይደለም፤ ከእኔ ለመሸሽ ነው» ትላቸው ነበር።

ሎይስ በየካቲት በቆሽት ካንሰር ሞተች። ከታወቀባት ጀምሮ ስድስት ሳምንት ነው የቆየችው። ከዚያ በኋላ ሜርል ዓይናችን እያየ ከሰውነት ወጣ። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ሳገኘው የወተቱን ጣሳ ይዞ የት እንደሚያስቀምጠው እንደጠፋበት ሰው ቆሞ ነበር። ሰላም ስለው ስሜን ለማስታወስ ጊዜ ወሰደበት።

እኔ በከተማችን ክሊኒክ ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ታካሚ የሚሞላው ቅጽ ላይ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ ከሚለው ዝቅ ብሎ፣ «ቤትዎ ውስጥ የጦር መሣሪያ አለ?» የሚል ጥያቄ አለ። ሰዉ ይህን ጥያቄ አይወደውም። ግማሹ ይዘለዋል፣ ግማሹ ይቀልድበታል። አንዱ «ለምን? ልትገዙት ነው?» ብሎ ጽፏል። ሌላው «አለ፤ ስንት እንደሆነ ግን ሚስቴ እንዳትሰማ» ብሏል። ቀድሞ የነበሩት ሽማግሌ ሐኪም ጭራሽ አያነሡትም ነበር። «ቨርና፣ ሰው ቤትህ ማንኪያ አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል?» ይሉኝ ነበር፤ እኔም እስቅ ነበር። ጥያቄው ለማወቅ ሳይሆን ወሬ ለመክፈት መሆኑን ያኔ አልተረዳሁም።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ዶክተር ቴሳ መጣች። ወጣት ናት፣ ከተሜ ናት፣ ጫማዋም ለእኛ ጭቃ የሚሆን አልነበረም። እሷ ሁሉንም ትጠይቃለች። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ቤተሰብ ተቆጥቶ ሌላ ከተማ መታከም ጀምሯል። አልተወችም።

ሜርል በግንቦት እንቅልፍ አጣሁ ብሎ መጣ። በሩ ተዘግቷል፤ ግድግዳችን ግን ከካርቶን አይሻልም። አለመስማት እችል ነበር፤ ሰማሁ።

«አቶ ሜርል፣ ቤትዎ ውስጥ ጠመንጃ አለ?»

«ልጄ፣ እኔ የመጣሁት እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የምጠይቅዎት።»

«ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ጠመንጃው አይደለም እኮ።»

«ሲነቁ ምን ያስባሉ?»

ወንበሩ ሲንቋቋ ተሰማኝ። እኔም የያዝኩትን ካርድ ሳላስቀምጥ ቆየሁ።

«ልትወስጂብኝ ነው?» አለ በመጨረሻ። ቁጣ ያለበት ድምፅ አልነበረም።

«አልወስድም። መውሰድም አልችልም። እስኪሻልዎት ድረስ ጠመንጃዎቹ የሚያምኑት ሰው ጋ ቢቀመጡ ብዬ ነው። ክፉ ሰዓት ይመጣል፣ ያልፋልም። እስኪያልፍ ድረስ ግን ቅርብዎ ባይሆኑ ነው የምለው።»

ሲወጣ ጆሮው ቀልቶ ነበር። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ቆመ።

«ቨርና፣ የወንድምሽ ምድር ቤት ይረጥባል?»

«ኧረ አይረጥብም።»

«ጥሩ» ብሎ ወጣ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት፤ ተረፈ ብዬ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አምስቱንም ጠመንጃዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ኦሪን ቤት ወሰዳቸው። ኦሪን ምንም አልጠየቀውም። ሁለቱ ሽማግሎች ያን ሁሉ ብረት ወደ ምድር ቤት ሲያወርዱ ስለ ዝናብ ያወሩ ነበር። ሜርል «ዝገት እንዳታስነካብኝ» ሲለው ኦሪን «ካንተ ቤት የባሰ አይዝጉም» አለው። በቃ፣ ይኸው ነው። ከሳምንት በኋላ ኦሪን የደም ግፊት መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ ዶክተር ቴሳ፣ ሜርል ፈቅዶላት፣ «እኔ ሳልነግርዎት እንዳይመልሱለት፤ አደራ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወንድሜን አውቀዋለሁ። ራሱን ከነቀነቀ ሰምቻለሁ ማለቱ ነው፤ እሺ ማለቱ ግን ላይሆን ይችላል። ይህን ለዶክተሯ ልነግራት ይገባኝ ነበር።

በጋው መልካም ሆነለት። ሜርል በየወሩ ክሊኒክ እየመጣ ታከመ፣ መድኃኒቱን ዋጠ። እሑድ እሑድ እኔ ቤት ይበላል። መጀመሪያ ሥጋውን በሹካ እየገፋ ያጫውተው ነበር፤ በመስከረም ግን ድንቹን ሁለት ጊዜ መጨመር ጀመረ። ኦሪንን «አንተ እኮ የቆምክበት ሸንተረር ላይ አጋዘኖቹ አሞሌ ጨው መስለሃቸው መጥተው ሊልሱህ ምንም አልቀራቸውም፤ አሁንም አትመታም» ብሎ ሲያበሽቀው ገበታው ሁሉ ሳቀ። ሁላችንም ዳነ አልን። የአደን ፈቃዱንም አወጣ።

ከመክፈቻው በፊት በነበረው ዓርብ ከሥራ ስወጣ ኦሪን ጋ ጎራ አልኩ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ጠመንጃ ይወለውላል። የሜርል አባት ያወረሰው ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«አይታይሽም?»

«የሜርል አይደል እንዴ?»

«ነገ መክፈቻ ነው።»

«ዶክተር ቴሳን ጠየቅሃት?»

«ስለ ምን?»

«ስለ ምን ይላል ደግሞ! እያወቅህ!»

ጨርቁን አስቀመጠ። «ቨርና፣ ሰውየው አሥራ አምስት ፓውንድ ጨምሯል። እሑድ ዕለት የእኔን ሳህን ሊቀማኝ ነበር። ነገ ጠዋት ባዶ እጁን መኪናዬ ውስጥ ላስቀምጠው? እንደ ሕፃን?»

«አንተ ያዘውና ሸንተረሩ ላይ ስትደርሱ ስጠው።»

«አዎ፣ ‹ኦሪን፣ እባክህ ጠመንጃዬን› ብሎ ይለምነኝ? ሃምሳ አንድ ዓመት አብሬው ወጥቼ? ዛሬ ካልመለስኩለት ነገ መጠየቁ አይቀርም። አላስጠይቀውም።»

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ሜርል በገዛ ዕቃው ሲለምን ታየኝና የእኔም ፊት ጋለ። የዶክተሯ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር፤ ስልኩም እጄ ላይ ነበር። «በል ሰላም በልልኝ» ብዬ ወጣሁ። ይህችን ቃል እስከዛሬ ይቅር አላልኳትም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ ኦሪን ሜርል በር ላይ ደርሶ የመኪናውን ጥሩምባ ነፋ። መብራቱ በርቷል፤ ሰው ግን አይወጣም። ትንሽ ጠብቆ ገባ። ከዚያ ደወለልኝ፤ «ቨርና፣ ነይ» ብቻ አለ። እዚያ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ብርቱካናማ የአደን ሰደሪያውን እንደለበሰ። ውስጥ ያየውን አልነገረኝም፤ እኔም ለማንም አልናገርም።

ኦሪን ዛሬ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። አሁንም ፓምፕ ይጠግናል። ከሰው ግን ምንም ነገር አይዋስም፤ ጠመዝማዛ ብሎን እንኳን ቢጎድለው አርባ ማይል ነድቶ ይገዛል። ሰዉ እንደ ጥንቱ ይወደዋል። ጥፋቱን የማያውቅ የለም፤ በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያው ነበርኩ የማይልም የለም። እኔ ወንድሜን የማከብረው ግን በዚህ አይደለም። በሜርል ቀብር ዕለት ባየሁት ነገር ነው።

ከቀብር መልስ ሁላችንም ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወረድን። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ድንች በአይብ ጋግረው፣ የአሳማ ሥጋ ቆርጠው ደርድረዋል። የሜርል ልጅ ዳርላ ከሚኒያፖሊስ መጥታለች፤ ሌላ ልጅ የለውም። ሳህኗን እንደያዘች ወደ ኦሪን መጣችና በአንድ እጇ አቀፈችው።

«አጎቴ ኦሪን፣ አመሰግንሃለሁ። አምስት ወር ሙሉ ስለያዝክለት። ያን አምስት ወር የሰጠኸን አንተ ነህ።»

ኦሪን እንዳይወድቅባት ሳህኗን ደገፈላት።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ» አለች። «ሁሉም አንተ ጋ ከነበሩ የዚያን ሌሊቱን ጠመንጃ ከየት አገኘው?»

አጠገባችን የነበሩት ማኘክ አቆሙ። ዳርላ አታውቅም ነበር፤ ማንም ሊነግራት አልደፈረም። ኦሪን አላውቅም ቢል ያልፍለት ነበር። በእኛ አገር በጎተራ ውስጥ የተረሳ አሮጌ ጠመንጃ አለ ቢባል የሚጠራጠር የለም። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አላውቅም እንዲል ተመኘሁ። እንዲያውም «የጎተራው ይሆናል» ልል አፌን ከፍቼ ነበር።

«እኔ ነኝ የወሰድኩለት» አለ ኦሪን።

«ጠይቆህ?»

«አልጠየቀኝም። ዓርብ አመሻሽ ላይ ወልውዬ ወሰድኩለት።»

ዳርላ ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። «እሑድ እሑድ ስደውልለት መጀመሪያ የሚለኝ እኮ እሱን ነበር። ሳልጠይቀው። ‹ኦሪን ጋ ናቸው፣ ደህና ነኝ› ይለኛል። ሁሌ። ‹ኦሪን ጋ ናቸው።›»

ክንዱን ይዤ ላወጣው ስል ቀስ ብሎ አስለቀቀኝ። ዕድሜ ልኬን ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ይህንንም ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«በሩ ላይ ‹አንተ ጋ ይቆይ› ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ብሎኛል። እጁንም አልዘረጋም ነበር።»

«አንተስ ምን አልከው?»

ወንድሜ ዓይኗን እያየ መለሰላት።

«ሳቅሁ። ‹አትግደርደር› አልኩትና አስያዝኩት።»