ሦስት ክረምት

በምንኖርበት የልደታ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ አረንጓዴ በር አለ። ከዓመት በላይ በዚያ በር በሩጫ ነው ያለፍኩት። የእኛ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ስለሆነ ሌላ መንገድ የለኝም። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ልጅ ትምህርቱ ወጥሯታል፤ ደረጃ እንኳ በወጉ አትወርድም» እያሉ ያዝኑልኛል። እናቴም እንደዚያው ነው የምታስበው። እኔም ደብተሬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ እሮጣለሁ። የምሸሸው ግን ከበሩ ጀርባ የሚኖሩትን ሴት ነበር።

በእርግጥ ትምህርቱም ቀላል አልነበረም። ሕግና ሥነ ጽሑፍን አጣምሬ ነበር የምማረው፤ ሕጉን ቀን፣ ሥነ ጽሑፉን በማታው ክፍለ ጊዜ። ይህን ለአባቴ ስነግረው ከት ብሎ ሳቀና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ አይወጣም ሲሉኝ ነው የምወጣው። ቀን አብረውኝ የሚማሩትን «እናንተ ደረቆች» እላቸዋለሁ፣ ማታ አብረውኝ የሚማሩትን ደግሞ «እናንተ መሬት የማትረግጡ» እላቸዋለሁ። ሁለቱንም የያዝኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ቢያንስ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ያ ጉራዬ አሁን ትዝ ሲለኝ ጆሮዬ ይግላል።

የአረንጓዴው በር ሴት እማማ ነው የምላቸው። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ጌጃ ሰፈር፣ መንገድ ዳር፣ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ እዚያ ሆነው በእግር በሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና የሰፈሩን ሱሪ ያሳጥራሉ፣ ዚፕ ይቀይራሉ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን በየዓመቱ እያስረዘሙ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። አራተኛ ዓመት ልገባ ስል፣ ሰኔ ላይ፣ እማማ ለቅሶ ለመድረስ ወደ ገጠር ሄዱ። በሳምንቱ ሲመለሱ የወንድማቸው ልጅ የበሩን ቁልፍ ቀይሮ፣ ዕቃቸውን ግቢ ውስጥ ዝናብ ላይ ከምሮ ጠበቃቸው። ክፍሏ ካርታ የላት፣ ውል የላት። እማማ መጀመሪያ ከእናታቸው ጋር፣ በኋላም ብቻቸውን ኖረውባታል፤ ማስረጃቸው ይኸው ነበር።

የስፌት መኪናቸውን በጋሪ አስጭነው አረንጓዴው በር ወዳለበት ወደ እህታቸው ልጅ ቤት መጡ። የእህታቸው ልጅ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ባልና ሦስት ልጆች አሏት። እማማ ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ነው የሚተኙት፤ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ ድረስ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው እንቅልፋቸውን ይጠብቃሉ። መኪናው በረንዳ ላይ ፕላስቲክ ለብሶ ቆመ። ድምፁ ሕፃን ስለሚቀሰቅስ አይሰፉበትም፤ ሥራ ፈቱ። ያቺን ክፍል ካላገኙ እንጀራቸውንም እንደማያገኙ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። እጃቸው ላይ አንድ ገጽ ወረቀት ይዘዋል። ከፍርድ ቤቱ ማዶ ጃንጥላ ዘርግተው ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ፣ ራፖር ጸሐፊ የሚባሉ አንድ ሽማግሌ ናቸው የጻፉላቸው።

«እስቲ እይልኝ ልጄ፤ አንቺ የተማርሽው ነው።»

አየሁት። አሥር መስመር አይሞላም። እኚህ ሴት እዚህ ቦታ ይኖሩ ነበር፤ በዚህ ወር፣ በዚህ ቀን ተከሳሽ ቁልፍ ቀይሮ አስወጣቸው፤ ምስክሮቻቸው እነዚህ ናቸው፤ ሁከቱ ይወገድላቸው። በቃ።

ሳቅኩ። «እማማ፣ ይሄ እኮ የዕቃ መረከቢያ ነው የሚመስለው! በደልዎ የታለ? እንባዎ የታለ? ይተዉት፣ እኔ እጽፍልዎታለሁ።»

«ሽማግሌው ይበቃል ብለውኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«እሳቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው።»

በዚያው ሳምንት የማታ መምህራችን ስለ ተረት ሲያስተምሩን፣ ተረት ሦስትን እንደሚወድ ነግረውን ነበር፤ ሦስት ወንድማማቾች፣ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት፣ በሦስተኛው ላይ የሚከፈት በር። እሑድን ሙሉ ቁጭ ብዬ አራት ገጽ ጻፍኩ። ስለ መኪናው ዝገት ጻፍኩ፤ ስለ ቴሌቪዥኑና ስለ ሶፋው ጫፍ ጻፍኩ። ቁልፉ የተቀየረበትን ቀን ግን አወጣሁት። በዚያ ሁሉ ሐዘን መካከል ወርና ዓመተ ምሕረት ሲገባ ዜማው ተሰበረብኝ። በምትኩ እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፤ «ሦስት ክረምት በሰው ጣራ ሥር ተጠልዬ፣ የራሴን ጣራ ዝናብ ሲደበድበው በሐሳቤ አዳመጥኩ።» ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ በአንድ መስመር እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። መጨረሻው ላይ፣ እንደ ደንቡ፣ «ከላይ የተገለጸው እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ» የሚለውን ጨምሬ ለፊርማ ቦታ ተውኩ።

ሳነብላቸው አለቀሱ። በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን «ሦስት አልሽ እንዴ? አንድ ነው እኮ ልጄ፤ ያለፈው ክረምት ብቻ» አሉኝ።

«አነጋገር ነው፣ እማማ። ዳኛው ልቡ እንዲነካ ነው።»

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» አሉና ፈረሙ።

እዚህ ላይ ሕጉን ማስረዳት አለብኝ። ሁከት ይወገድልኝ የሚባለው ክስ፣ ይኖርበት ከነበረው ቦታ በጉልበት የተነቀለ ሰው የሚያቀርበው ነው። ቤቱ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ማን ነበረበት፣ ማን አስወጣው፣ መቼ አስወጣው ነው የሚጠየቀው። ለእማማ ከዚህ የተሻለ ሕግ አልነበረም። ሆኖም ክሱ ሰውዬው ከተነቀለ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ አይሰማም። ይህን አላውቅም ነበር ብል ደስ ባለኝ። በፊተኛው ዓመት ተምሬዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬበታለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶ መልሼዋለሁ። ኤ ነው ያገኘሁት። ያን እሑድ ግን በሌላኛው ዛፍ ላይ ነበርኩ።

የካቲት ላይ የወንድማቸው ልጅ ጠበቃ መልስ አስገባ። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። ጠበቃው ስለ እንባውም ስለ ዝገቱም አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ከሳሽ ራሳቸው እንዳመኑት ከቦታው ከወጡ ሦስት ክረምት ስላለፈ፣ ክሱ በይርጋ ይታገዳል» ይላል፤ ጊዜው አልፎበታል ማለቱ ነው። ለካ እሱም እንደ ሽማግሌው አጭር ነበር የሚጽፈው። እማማ «ምን አለ?» ሲሉኝ «ምንም አይደለም፤ ተራ ክርክር ነው» አልኳቸው። ጽሑፉን ማሻሻል እንደሚቻል አውቅ ነበር። ለዚያ ግን መጀመሪያ ተሳስቻለሁ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

መጋቢት ላይ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ችሎቱ ውስጥ የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። አራቱን ገጽ አገላብጠው «እማማ፣ ከቤቱ የወጡት መቼ ነው? እዚህ ላይ ሦስት ክረምት ይላል» አሏቸው።

የሽማግሌው ወረቀት በአንድ መስመር የመለሰው ጥያቄ ነበር። ቀኑን ቢናገሩ ይበቃቸዋል። እማማ ግን መጀመሪያ ዞረው እኔን ፈለጉኝ። አዩኝ። ተነስቼ «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስሕተቱ የእኔ ነው» ማለት እችል ነበር፤ ቢያስወጡኝ ቢያስወጡኝ ከዚያ አዳራሽ ነው። ዓይኔን ወደ ጫማዬ አወረድኩ።

«እንደተጻፈው ነው» አሉ እማማ። «አረጋግጬ ፈርሜበታለሁ።»

መዝገቡ ተዘጋ። ውጭ ስንወጣ «ምን ማለታቸው ነው?» ሲሉኝ «ጊዜው አልፏል ነው የሚሉት፤ ሕጉ እንዲህ ነው» አልኩ። የራሴን ጥፋት በሕጉ ላይ ጣልኩት። ሕጉ እንኳ ምንም አላደረጋቸውም ነበር። እማማ ራሳቸውን ነቀነቁና «አንቺማ ደክመሽልኛል፤ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አላውቅም፤ ምናልባት የሚቆጣኝ ሰው ፈልጌ ይሆናል። አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አድርገው አራቱን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ጽሑፉ ያምራል» አሉ። ቀጥለውም «ቀኑ የት አለ?» አሉኝ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አጣጠፍኩት።

«በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ያለው ለዚህ ነው፣ ልጄ። ችሎት ፊት የተጨመረ ቃል ሁሉ ለባላጋራህ የሰጠኸው ዱላ ነው። ለማንኛውም ይግባኝ አለ፤ ስልሳ ቀን አላችሁ። ዛሬውኑ ሄደሽ ለሴትዮዋ እውነቱን ንገሪያቸው፤ የጸሐፊ ስሕተት ነው ብለን እናመለክታለን፤ ይሳካ አይሳካ የዳኞች ፈንታ ነው። እኔ እጽፈዋለሁ። የእኔ ጽሑፍ ደረቅ ነው እንጂ ቀን አይረሳም።»

እሺ ብዬ ተለየኋቸው። ያን ቀን አረንጓዴው በር ላይ ደርሼ እጄን ካነሳሁ በኋላ፣ ውስጥ የልጆች ድምፅ ስሰማ «ብቻቸውን ሲሆኑ ይሻላል» ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። በሚቀጥለው ቀን የቤት ሥራ ነበረብኝ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ በበዓል እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም አልኩ። ከዚያ ፈተና ደረሰ። የፈራሁት ብዙ ነገር አልነበረም፤ «የሕግ ተማሪዋ ቤታቸውን አስወሰደቻቸው» መባልን ነው። ደግሞ እማማ ጽሑፉን ይወዱት ነበር። በፕላስቲክ ጠቅልለው ትራሳቸው ሥር እንደሚያስቀምጡት የእህታቸው ልጅ ለእናቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። ይህንንም ሰበብ አደረግኩት፤ የሚወዱትን አልነጥቃቸውም አልኩ። ስልሳው ቀን እንዲህ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ደረጃውን መሮጥ ጀመርኩ። ወደ ታክሲ ስወጣም በሽማግሌው ጃንጥላ በኩል ላለማለፍ በአብነት ሰፈር በኩል ዞሬ እሄድ ነበር።

ሕጉን ባለፈው ሐምሌ ጨረስኩ። ለምርቃቱ የመጣልኝ ጋውን ረዝሞብኝ እናቴ ሳትነግረኝ ለእማማ ወስዳ ሰጠቻቸው። ወደ ግቢው ስገባ የመኪናው ድምፅ ከበረንዳው ይሰማል። ከስንት ጊዜ በኋላ ፕላስቲኩን ገልጠው፣ ዘይት ቀብተው፣ ሕፃኑ ሳይተኛ ቶሎ ቶሎ እየረገጡ ጋውኔን ያሳጥራሉ። ያን ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነሳሁ። አንዱ ፎቶ ላይ እማማ አጠገቤ ቆመው አበባ ይዘዋል፤ ለዘመዶቼ ሁሉ «የእኔን ጉዳይ የጻፈችልኝ እሷ ናት» እያሉ ነበር። አባቴ በኩራት ሲስቅ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኝቼ ነበር።

ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ መጣ። የሕንጻው ልጆች በሙሉ ጠበል ነው እያሉ ግቢው ውስጥ ሊጠመቁ ወጡ። እኔ ሥነ ጽሑፉ ስለሚቀረኝ ለመመዝገብ ወጥቼ ስመለስ ነው፤ እንደ ልማዴ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ እወጣለሁ። አረንጓዴው በር ክፍት ነበር። እማማ ኮሪደሩ ላይ ቆመው እጃቸውን ወደ ዝናቡ ዘርግተዋል።

«ልጄ፣ ቁሚ እስቲ» አሉኝ።

ቆምኩ።

«ቆጥሬዋለሁ። ቁልፉን የቀየረብኝ ክረምት አንድ፣ አምና ሁለት፣ ዘንድሮ ሦስት። ዛሬ ሞላ።»

«እማማ…» አልኩ።

«ጠበቃው የጻፈውን ያኔውኑ የእህቴ ልጅ አንብባልኛለች፤ አውቀው ነበር። ዳኛዋ ሲጠይቁኝ አንድ ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዞሬ ሳይሽ ፊትሽ አመድ መስሏል። ዋሽታ ጻፈችብኝ ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ላዋርድሽ? ያሳደግኩሽን ልጅ?»

አለቀስኩ። ይቅርታ ያልኩ ይመስለኛል፤ ከልጆቹ ጩኸት የተነሳ ይስሙኝ አይስሙኝ አላውቅም። እማማ የረጠበውን እጃቸውን ግንባሬ ላይ አሳረፉ።

«በይ ተይው። የፈረምኩበትም ይኸው እውነት ሆነ። ከእንግዲህ በበሬ ስታልፊ አትሩጪ፤ ደረጃው እርጥብ ነው፣ ትወድቂያለሽ።»