ያልተነሣው ግራ እጅ

አጎቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለው ደብራችን ዜማ ሲያስተምሩ ኖሩ። ልንደግፋቸው ክንዳቸውን ስንይዝ "ቀስ በሉ፣ ገል ነው የያዛችሁት" ይሉን ነበር። ቀልድ ይመስለን ነበር።

በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ መፈክር ሲባል ሁሉም ግራ እጁን ያነሣል። የሳቸው ትከሻ ግን አብጦ አልነሣ አለ። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ሐኪሙ ራጁን አይቶ፣ "አንገትዎ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች ከልክ በላይ እየሠሩ የአጥንትዎን ካልሲየም ይመጥጣሉ፤ አጥንትዎ እንደነቀዘ እንጨት ሆኗል። አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ጥገና ይውጣልዎ" አላቸው።

ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀ መንበሩ የጥቂት ሳምንት የካድሬ ኮርስ ወስዶ ሐኪምም ዳኛም የሆነ ሰው ነበር። በስብሰባው ፊት፣ የልጃቸው እኩያ ሆኖ አንተ እያለ፣ "አንገት ታሞ ነው እጅ እንቢ የሚለው? ይህ የአድኃሪ በሽታ ነው። ይለፉን ከፈለግህ መጀመሪያ እጅህን አንሣ" አላቸው። ያም አልበቃው፤ ራሱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ላይ ሳበው።

"ቀስ በል ልጄ፣ ገል ነው የያዝኸው" አሉት።

ሲሰበር ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማሁት።

ይለፉ ከዚያ በኋላ ተሰጠ፤ እሳቸው ግን ሳይሄዱበት ዐረፉ። ማኅሌት ሲቆም የሳቸው ቦታ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

ሊቀ መንበሩ ተዝካራቸው ላይ መጣ። "ታላቅ ሰው ነበሩ" አለኝ፣ አሁን አንቱ ብሎ፤ ወጡንም አመሰገነ። በቀኝ እጁ እየደጋገመ ሲጎርስ አየሁት። ግራ እጁ ጭኑ ላይ ሥራ ፈቶ ተጋድሞ ነበር።