ጋኔን መስዬ የጸለይኩ ዕለት

ጌታ የተመሰገነ ይሁን! እስቲ ይሄን ማይክ ዝቅ አድርጉልኝ፤ ለረጃጅሞቹ ብቻ ነው እንዴ የተተከለው? እሰይ፣ ተባረክ። ዛሬ እኔም መመስከር አምሮኛል። መጋቢያችን «እማማ ጥሩዬ፣ አጠር ያድርጉት እሺ» ብሎኛል። እሱ ሲሰብክ ስንቴ እንዳንቀላፋሁ ስለሚያውቅ ነው። ዛሬ ተራው የሱ ነው፤ ይቻለኝ።

ፊደል አልቆጠርኩም። መጽሐፉን ሲያነቡልኝ እሰማለሁ እንጂ ምዕራፉን ጥሪ ብትሉኝ አላውቀውም። የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ሳላምን በፊት ምን ነበርኩ? ምን ያልነበርኩት አለ! ይጁቤ አጠገብ ያሳደገችኝ አክስቴ ባለ ዛር ነበረች። ዛሯ ሲመጣባት ታጓራለች፣ መሬት ለመሬት ትንከባለላለች፣ «ቀይ ዶሮ!» ትላለች። ሰው ይሰበሰብና «ማነህ? ምን ትሻለህ? በምን ትለቃለህ?» ይለዋል፤ ዛሩም ይመልሳል። እኔ ደግሞ ልብ ብዬ አያለሁ፤ ዛሩ የሚመጣው ቤት ውስጥ ሥጋ ከጠፋ ሲሰነብት ነው። ዝም አልኩ። ዶሮ እወዳለሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም!

ካደግሁ በኋላም ለሁሉም ስሳል፣ ሁሉንም ስፈራ ኖርኩ። እግዜርን ብቻ አንድም ቀን አናግሬው አላውቅም። ትልቅ ነው፣ ሥራ ይበዛበታል፣ በኔ ነገር ምን አደክመዋለሁ እል ነበር።

እንግዲህ የልጅ ልጄ ትርንጎ፣ የልጄ የይበልጣል ልጅ፣ እናቷ ስትሞትባት ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ደህና ስትቦርቅ የነበረች ልጅ አንድ ቀን ጎመን እየቀነጠሰች ዘፍ አለች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ አረፋ ደፈቀች፣ እጅ እግሯ ተንቀጠቀጠ። ስትነቃ ምንም አታስታውስም። ከዚያ ወዲያ እየደጋገመ ጣላት። ትምህርት ቤት ልጆቹ አጠገቧ አንቀመጥም አሉ። ጎረቤቶቼ እሷ የጠጣችበትን ጣሳ ለብቻው ማስቀመጥ ጀመሩ።

ይበልጣል ያን ጊዜ ጌታን ገና መቀበሉ ነበር። «ሉማሜ አጋንንት የሚያስወጣ ሰው መጥቷል» ሲሉት ይዟት ሄደ። እኔም ተከተልኩ፤ ልጄን ለማንም አምኜ ልሰጥ? ገበያ ቀን ስለነበር የተከራዩት አዳራሽ በሰው ጢም ብሏል። አንዳንዶቻችሁ ነበራችሁ። አንገታችሁን አትድፉ፣ አይቻችኋለሁ!

ሰውዬው ኮት ለብሷል፣ ድምፁ መብረቅ ነው። ይህ የኛ ቤተ ክርስቲያን የላከው አይደለም፤ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። ትርንጎን መሃል አስቀመጣት፣ መጽሐፍ ጠቀሰ፣ ከዚያ «ይህ ጋኔን ያለ ዱላ አይወጣም» አለ። ወንዶቹ ዱላ ዱላቸውን ይዘው ቆሙ። ይበልጣልን ጠራና «ሥልጣን ያለህ አንተ አባቷ ነህ፤ ጀምር» አለው።

መታት፣ ወገኖቼ። እያለቀሰ መታት።

ትርንጎ «እምዬ፣ አመመኝ! እምዬ!» ብላ ጮኸች። ዘልዬ ተነሳሁ።

«እማማ፣ ይቀመጡ» አለኝ ሰውዬው። «የምትጮኸው እሷ አይደለችም፤ ጋኔኑ ነው። ዱላው እሷን አያማትም፣ እሱን ነው የሚያቃጥለው።»

«ጋኔኑ ታዲያ እንዴት እምዬ ይለኛል?» አልኩት። «እኔ ጋኔን ወልጄ አላውቅም!»

«ሊያታልልዎት ነው። ባዘኑለት ቁጥር ይጠነክራል። ቀጥሉ!»

አያችሁ ተንኮሉን? ብትጮህ ጋኔኑ ነው። ዝም ብትል ጋኔኑ ተደብቆ ነው። በእግዜር ስም ሰው የሚመታ ሁሉ ዱላው አያምም ይላችኋል፤ ጀርባው የሱ አይደለማ!

ብጮህ ያስወጡኛል። ብታገል ጉልበት የለኝም። ከዚያ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሆዴ፣ «ጌታዬ፣ ካለህ አሁን ና፤ ልዋሽ ነው፣ ውሸቴን አሳምርልኝ» አልኩት። ይኸው ነው የመጀመሪያ ጸሎቴ! መጋቢ፣ አትሳቅ፤ ያንተ ከዚህ ይረዝማል እንጂ ከዚህ አይበልጥም።

ዘፍ አልኩ። አጓራሁ። የአክስቴን ዛር አንድ ሳላስቀር አመጣሁት። ተንከባልዬ ተንከባልዬ ትርንጎ ላይ ደረስኩና በላይዋ ተደፋሁ። «ከልጅቱ ወጣሁ! አሮጊቷ ላይ ገባሁ!»

«ሃሌሉያ!» አለ ባለ ኮቱ። ደስ አለው፣ ምስኪን። «ተናገር! ከአሮጊቷ ወጥተህ የት ትሄዳለህ?»

«ዱላ የያዘ ሰው ላይ!» አልኩ። «ዱላ የያዘ እጅ ቤቴ ነው! እዚያ ነው የምኖር!»

ወገኖቼ፣ ዱላው ሲረግፍ ብትሰሙ! ቋ! ቋ! ቋ! አንዱማ በመስኮት ወረወረው፣ ውጭ የታሰረች አህያ ደነበረች። ባለ ኮቱም የራሱን ዱላ ቀስ አድርጎ በእግሩ ከአግዳሚው ሥር ገፋት። ክብር ለስሙ! በመጨረሻ ይበልጣል ጣለ። እኔም ተነሳሁ፣ ቀሚሴን አራገፍኩ፣ «በሉ ደህና ዋሉ» ብዬ ትርንጎን አቅፌ ወጣሁ። ማንም አልከለከለኝም። ማን ይጠጋኛል!

ማርቆስ ከተማ ሐኪም ቤት ልወስዳት መኪና ላይ ስሳፈር ይበልጣል ሮጦ ደረሰብን። ጎናችን ተቀመጠ። ከዚያ «እማ፣ አንቺ እንደሆንሽ አውቄ ነበር» አለኝ። «ጋኔንሽ ገበያ ላይ ከነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቂ እንደምትናገሪው ነው የሚናገረው።»

«ታዲያ ለምን ጣልከው?»

«እውነቱን ስለተናገረ። ከማንም በፊት እኔው እጅ ላይ ገብቶ ነበራ» አለና አለቀሰ።

ሐኪም ቤት ያየችን ዶክተር ልጅ እግር ነች። የትርንጎን ጀርባ ገልጣ «ይሄን ማነው ያደረገው?» አለች። «እኔ ነኝ፤ አባቷ ነኝ» አለ። አላስተባበለም። ዶክተሯ ወደኔ ዞረች። «እማማ፣ ይሄ የሚጥል በሽታ ነው። ከአንጎል የሚመጣ ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው። ሳታቋርጥ ትዋጥ። ሲጥላት አትያዟት፣ አፏ ውስጥም ምንም አታስገቡ።»

መጋቢያችን ያኔ አያውቀንም። ወሬውን ሰምቶ ቤታችን መጣ። አልጮኸም፣ እጁንም አልጫነም። ትርንጎ ፊት ተንበርክኮ «የመቱሽ በጌታችን ስም ነው። እኔ አልነበርኩም፤ ስሙ ግን የኔም ነውና ይቅር በይኝ» አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱ ሲወጣ «እምዬ፣ ያስመታኝ እግዜር ነው?» አለችኝ።

ይቺ ጥያቄዋ ከዱላው ይልቅ አመመችኝ።

«እሱማ ከታች ነበር» አልኳት። «ከኔ ጋር ሲንከባለል። እኔ ብቻዬን እንዲያ ማጓራት የምችል ይመስልሻል?» ሳቀች። ያመንኩትም እሱን ነው፤ ከዱላው ሥር ከኛ ጋር የነበረውን። ሃሌሉያ! ከዚያ ወዲህ አልለቀቅሁትም።

አሁን የሚጥላት አልፎ አልፎ ነው፤ ወደ ትምህርቷም ተመልሳለች። ጌታ ይመስገን! «እምነት ካላችሁ ክኒኑን ጣሉት» የምትሉኝ አላችሁ። ክኒኑን የሠራው ሰው ጭንቅላቱን ከየት ያመጣው ይመስላችኋል? ጠዋት ጠዋት እያመሰገንኩ አስውጣታለሁ። ክፉ መንፈስ የለም አልላችሁም፤ አለ። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥም ነበር። ልጅቱ ላይ ግን አልነበረም።

ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ሰው ተሰብስቦ የሚጸልይበት ቤት ገብታ አታውቅም። ድምፅ ከፍ ሲል ትንቀጠቀጣለች። ዛሬ ግን «እምዬ፣ ስትመሰክሪ ልስማሽ» ብላ መጥታለች። ኋላ፣ አባቷ አጠገብ ናት። ኧረ አትዙሩ! አትዙሩ አልኳችሁ!

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እሱን እመኑት። እኔ አሮጊቷን በውሸቴ መሃል የሰማኝ እናንተን አይተዋችሁም። እንደምታምኑት ደግሞ እንዲህ አሳዩኝ፤ ዛሬ መካከላችሁ ብትወድቅ ማንም አይጩህ፣ ማንም አይገስጽ። በጎኗ አስተኟት፣ ነጠላ አጥፋችሁ ከራስጌዋ አድርጉላት፣ ዝም ብላችሁ አጠገቧ ቁጭ በሉ። ያልፋል። ስትነቃ ግራ ይገባታል፣ ታፍራለች። ያኔ በስሟ ጥሯት። «ትርንጎ፣ እዚህ ነን» በሏት።

በሉ አሁን ዘምሩልን። ከበሮው ግን ቀስ ይበል።