ባለመዘውሩን ደጋን ይዞ ወደ ሀርጌሳ

ሐረር፣ ጎህ ሲቀድ

የጅግጅጋው ሚኒባስ ሾፌር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ዕቃዬን ጣራ ላይ ሊወረውረው ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«ቀስ በል፣ ይሰበራል።»

«ምንድነው?»

«ደጋን ነው።»

«ጥጥ የሚነደፍበት?»

አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮ ጉዞው ይቀለኝ ነበር። «አጋዘን የሚታደንበት» ስለው ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር «ጠመንጃው ሁሉ ሰሜን ሄዶ አለቀ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልሳቀም፤ ጥያቄው የምር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨርጨር ተራራ ላይ ባለ የአደን ካምፕ መንገድ መሪ ነኝ። ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ እንግዳ ጠፋ፤ ከውጭ ጠመንጃ ይዞ መግባትም ተከለከለ። አለቃዬ ጋሽ በቀለ ግን በቀላሉ እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። «የተከለከለው ጠመንጃ ነው፤ ስለ ደጋን ማን ምን አለ?» ብሎ ለአንድ የድሮ ደንበኛ ደወለ። ሰውዬው እሺ አለ። የራሱን ደጋን በጉምሩክ ማሳለፍ ስለፈራ፣ ካምፑ ውስጥ ያለውን አሰናድተን እንድንጠብቀው ተስማሙ። ይህ እንግዳ ከቀረ ካምፑ ይዘጋል፤ ወጥ ቤቱም፣ ዱካ ፈላጊዎቹም፣ እኔም ወደየቤታችን ነን።

ካምፑ ውስጥ ያለው ደጋን ዱሮ አንድ አዳኝ በስጦታ ትቶልን የሄደው ነው። ጫፍና ጫፉ ላይ አውታሩን የሚያዞሩ ሁለት መዘውሮች አሉት፤ ስትስበው መጀመሪያ ይከብድና መጨረሻ ላይ ይቀልልሃል። ለጋሱ ሰውዬ ግን ማነጣጠሪያውን፣ የቀስት ማሳረፊያውን፣ በብሎን የሚፈታውን ሁሉ ፈትቶ ወስዷል። አዲስ አበባ ብንጠይቅ ጥጥ ነዳፊዎች ዘንድ ላኩን። በመጨረሻ ደምሰው ደወለ። ደምሰው የካምፓችንን ቤቶች የሠራ ጎጃሜ ግንበኛ ነው፤ አሁን ሀርጌሳ ሴራሚክ ያነጥፋል። «እዚህ ወለል የሠራሁለት ሰው ቁም ሳጥኑ ሙሉ የደጋን ዕቃ ነው፤ ደጋኑን ይዘህ ና» አለኝ።

ውጫሌ፣ ረፋድ

ባቢሌን፣ ከዚያ እርስ በርስ የተደራረቡትን የዳካታ ድንጋዮች አልፈን ጅግጅጋ ሻይ በወተት ጠጣን። ቶጎ ውጫሌ ድንበሩ ላይ አቧራ፣ የጫት ጆንያ፣ የሽንኩርት ክምር፣ ገንዘብ በጋሪ የሚገፉ መንዛሪዎች። ኬላውን በእግሬ ተሻግሬ ጀማል የሚባል የሐረርጌ ልጅ የሚነዳት አሮጌ ታክሲ ውስጥ ገባሁ። ከፊት፣ በግራ በኩል አስቀመጠኝ።

ትንሽ ሄደን ምስጢሩ ገባኝ። በሶማሌላንድ የሚነዳው እንደ እኛው በቀኝ ነው፤ የመኪናው መሪም ያለው በቀኝ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ አያይም። የሚያየው ተሳፋሪው ነው።

«ወንድሜ፣ የሚመጣ አለ?» ይላል ጀማል።

«አለ።»

«ትልቅ ነው ትንሽ?»

«ልዩነት አለው እንዴ?»

«ትንሽ ከሆነ እሱ ይወጣል፤ ትልቅ ከሆነ እኛ እንወጣለን።»

እስከ ገቢሌይ ድረስ ስነዳ የዋልኩት እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ከገቢሌይ አልፎ ባለው ኬላ ወታደሮች አስወረዱን። አንዱ ብርድ ልብሱን ፈታ፣ ደጋኑን አየ፣ አለቃውን ጠራ። አለቃው ጺሙን በሂና ያቀላ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጀማል አስተረጎመልኝ።

«መሣሪያ ነው?»

«የአደን ነው፣ ጌታዬ።»

አለቃው ደጋኑን አነሣና አውታሩን ሳበ። ጉልበት አለው፤ እስከ አገጩ ድረስ አመጣው። ያለ ቀስት የተለቀቀ ደጋን ኃይሉ የሚሄድበት ስለሚያጣ ራሱን ይሰብራል። «በለው፣ እንዳይለቀው፣ ይሰበራል» አልኩት ለጀማል። ጀማል ተረጎመ። አለቃው አውታሩን እንደሳበ፣ ክንዱ እየተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

«ምን አለ?»

«ጠመንጃ ያለ ጥይት ቢተኮስ አይሰበርም፤ ጦርነታችሁ በደጋን እስከ መዋጋት ወረደ ወይ? ይላል።»

«በመጀመሪያ ቀስ ብሎ ይመልሰው፤ ከዚያ ስለ ጦርነቱ እናወራለን።»

ሁለት ወታደሮች አውታሩን አብረው ይዘው መለሱት። አለቃው ክንዱን እያሻሸ ስለ ሰሜኑ ጦርነት ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና «እኛም አይተነዋል» አለ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ራሱ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

አያሃ፣ ማምሻ

ደምሰው የሚኖረው ሀርጌሳ ዳር፣ አያሃ ውስጥ፣ ከሦስት አበሾች ጋር በተከራየው የቆርቆሮ ቤት ነው። ዕለቱ ረቡዕ፣ ጾም ስለነበር እራት ሩዝ ነው፤ ሩዙ ላይ ሙዝ ተላጦ ተቀምጧል። ሙዙን ወደ ጎን አድርጌ ለኋላ አቆየሁት።

«አብረህ ብላው እንጂ» አለ ደምሰው። «እኔም ስመጣ እንደዚያ አስቀምጥ ነበር። አሁን ያለ ሙዝ ሩዝ አይወርድልኝም። አገሬ ስገባ እናቴ ምን ትለኛለች እያልኩ እፈራለሁ።»

ማሕሙድ ሃይቤ፣ ጠዋት

ደምሰው ወለል የሠራለት ሰው አብዲ ይባላል፤ ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ያለው ሱቁ ድንኳን፣ ፋኖስና የስፖርት ዕቃ ይሸጣል። ሰፈሩ «አብዲ ካናዳ» ይለዋል። ልጅ ሳለ ሀርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ከእናቱ ጋር በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ ድሬዳዋ አደገ፤ አማርኛው ከእኔ ይፈጥናል። በኋላ ካናዳ ሄዶ አጋዘን ማደን ተማረ። ተመልሶ ሲመጣ ዕቃውን በኮንቴይነር ጫነ።

ሻይ አስመጣልኝና ቁም ሳጥኑን ከፈተው። ማነጣጠሪያ በየዓይነቱ፣ ማሳረፊያ፣ ማረጋጊያ ዘንግ፣ ቀስት በጥቅል። ዓይኔ ተንከራተተ። ለየርቀቱ አንድ አንድ፣ ባለ አምስት ነጥብ፣ መብራት ያለው ማነጣጠሪያ አነሣሁ።

«አስቀምጠው» አለ አብዲ። «ጫካችሁ ጥቅጥቅ ነው ገላጣ?»

«ጥቅጥቅ ነው። አጋዘኑን የምታየው አፍንጫህ ስር ከደረሰ በኋላ ነው።»

«እንግዲያው አምስት ነጥብ ምን ያደርጋል? አውሬው ቆሞ፣ ልብህ እየደለቀ፣ በየትኛው ልለካ ስትል ይሄዳል። ሦስት ይበቃል።»

ጥቁር፣ ረጅም፣ የሚያብረቀርቅ ማረጋጊያ አነሣሁ። እሱንም ከእጄ ወሰደው። «ይሄ የውድድር ነው፤ ቁጥቋጦ ውስጥ እንደ በሬ ቀንድ ይያዝብሃል። አጭሩን ያዝ።» ማሳረፊያ ሲሆን ዙሪያውን ብሩሽ የሆነ ቀለበት መረጠ፤ ብትንበረከክም ብትንሸራተትም ቀስቱ አይወድቅም። አውታሩን የሚይዘውና የሚለቀው ደግሞ አንጓ ላይ የሚታሰር መንጠቆ ነው። «ጣት ይፈራል፤ መንጠቆ አይፈራም» አለኝ። የስለቱን ጫፍ የሚሸፍን የቀስት መያዣ ጨመረበት። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ተደረደረ።

«ጥሩ» አልኩ። «ስንት ነው?»

«አይሸጥም።»

ደምሰው ሻዩን አስቀመጠ።

«ከካናዳ የጫንኩት ዕቃ በሙሉ ደርሷል፣ አንድ ነገር ብቻ መንገድ ላይ ጠፋብኝ» አለ አብዲ፤ እጁ ብርድ ልብሴ ላይ ነው። «ደጋኔ። ይህን ቁም ሳጥን በየቀኑ እየከፈትኩ እዘጋለሁ። አንተ ደጋኑን ሽጥልኝ።»

እሱ ዕቃ አለው፣ ደጋን የለውም። እኔ ደጋን አለኝ፣ ዕቃ የለኝም። እሱ አልሸጥም አለ፤ እኔም አልሸጥም አልኩ። በመጨረሻ አብዲ «ቢያንስ ልግጠመው፤ አንዴ ብቻ ልተኩስ» አለ። ይህን እንዴት እምቢ ይባላል?

ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢው ውስጥ አሮጌ ፍራሾች አቁሞ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ በብሎን አሰረ። ቢስሚላህ ብሎ ሳበና ለቀቀ። ቀስቱ ፍራሹን አልፎ የውሃ በርሜሉን በሳው። ውሃው በቀጭኑ እየተወረወረ ወጣ። ሀርጌሳ ውሃ በገንዘብ ነው።

ሚስቱ ሆዳን ወጣች። በርሜሉን አየች፣ ባሏን አየች፣ ከዚያ በሶማልኛ ረጅም ንግግር አደረገች። እጇ በየተራ ወደ ቁም ሳጥኑ፣ ወደ ደጋኑና ወደ እኔ ይዘረጋል።

«ምን አለች?» አልኩት ደምሰውን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ ነው የምትለው።»

በዚህ መሀል ስልኬ ጮኸ። ጋሽ በቀለ ነው፤ ድምፁ ወርዷል። «ሰውዬው ቀረ። ኤምባሲው አትሂድ ብሎታል። ዕቃ እንዳትገዛ። ተመለስ።»

ስልኩን ዘግቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ለአብዲ ነገርኩት። ቀዳዳውን በጣቱ ደፍኖ እንደቆመ «የአደን ፈቃዱስ? በእሱ እኔ ልምጣ» አለ።

መልሼ ደወልኩ። ጋሽ በቀለ ተጠራጠረ። «ፈቃዱ ለውጭ አገር ሰው ነው። ሰውዬው የየት አገር ነው?»

«የሀርጌሳ።»

«ፓስፖርቱስ?»

«የካናዳ።»

ቀጥሎ የሰማሁት የጋሽ በቀለ ድምፅ ያው የድሮው ነው። «ቁመቱ ስንት ነው? አልጋ እናስረዝም እንዴ?»

አብዲ ለሚስቱ በለሆሳስ ነገራት። ሆዳን ሦስት ቃል ብቻ መለሰች። ደምሰው እንዲህ ተረጎመው፦ «ውሰዱት። በየእራቱ ስለ አጋዘን ስሰማ ኖሬአለሁ፤ ይሂድና አንዱን አይቶ ይምጣ። ስንቁን እኔ እቋጥራለሁ። በርሜሉን ግን ገዝቶ ነው የሚሄደው።» ሶማልኛ በጣም ጥቅልል ያለ ቋንቋ ነው።

ውጫሌ፣ መልስ

በርሜሉ ተገዛ። በማግሥቱ ማለዳ በአብዲ መኪና ወጣን፤ የሚመጣ አለ ወይ እያለ እስከ ድንበር ጠየቀኝ። ኬላው ሲቀርብ ግን መጠየቁን ተወ። መስኮቱን ከፍቶ ከመንገዱ ዳር ያለውን ሜዳ ሲያይ ቆየ።

«በዚህ ነው የገባነው» አለ። «እናቴ ጀርባዋ ላይ ታናሽ እህቴን፣ ራሷ ላይ ድስት። ድስቱን ለምን እንደያዘችው አላውቅም፤ የሚቀቀል ነገር አልነበረንም።»

የእኛ ወገን የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ፓስፖርቱን አገላበጠ። «የመጡበት ምክንያት?»

«አደን» አለ አብዲ በድሬዳዋ አማርኛ።

ሠራተኛው ቀና ብሎ አየው። «በዚህ ጊዜ?»

«ጊዜውን እኔ አልመረጥኩም፣ ወንድሜ።»

ጨርጨር፣ ካምፕ

ጋሽ በቀለ ሠራተኛውን ሁሉ አሰልፎ ጠበቀን። የእንግሊዝኛ ንግግር አዘጋጅቶ ነበር፤ ጀመረው። አብዲ በአክብሮት እስከ መጨረሻው ሰማና «ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ፤ ምሳ አለ?» አለው።

የመጀመሪያዋን ቀስት ስቶ ጥድ ላይ ተከለ። ዱካ ፈላጊዎቹ ነቅለው ሲያመጡለት ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። በበነጋታው፣ ጭጋጉ ገና ሳይነሣ፣ ቀንዱ የተጠማዘዘ ያረጀ አጋዘን ከቁጥቋጦው ወጣ። አብዲ ተንበርክኮ ነበር፤ ቀስቱ ከማሳረፊያው አልወደቀም። ሦስት ነጥብም በቃው። ቢስሚላህ ሲል ሰማሁት። አጋዘኑ ትንሽ ሮጦ ወደቀ፤ አብዲ ቢላዋውን ይዞ ቀድሞን ደረሰ።

በካምፑ ልማድ ሥጋው ለቅርቡ ከተማ ይሰጣል። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤቱ ውስጥ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ተጠልለው ነበር። አብዲ «እኔ ራሴ አደርሳለሁ» አለና ሥጋውን ተሸክሞ ገባ። አንዲት ሴት ልጇን ታቅፋ መማሪያ ክፍሉ በር ላይ ተቀምጣለች። ድርሻዋን ተቀብላ አመሰገነችው።

«ከየት መጣህ፣ ወንድሜ?» አለችው።

«ከሀርጌሳ።»

«እዚያ ሰላም ነው?»

አብዲ ሥጋውን የያዘበትን ሳፋ መሬት አስቀመጠ።

«አሁን ሰላም ነው» አላት።